ኦሪጅናል ነው፤ ምን አለበት ግን?

መርካቶ ካሉት ጠባብ የኮስሞቲክስ ሱቆች ጀምሮ ቦሌ መንገድ ዳር እስከተደረደሩት ባለመስታወት ቤቶች፣ ከዚያም አልፎ በቴሌግራም ፎቶ እየለጠፉ «ኢንቦክስ» እስከሚሉት ሻጮች ድረስ፣ ስለ ፊት ቅባት የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። «ኦሪጅናል ነው?» መልሱም የታወቀ ነው። «እንዴ! ኦሪጅናል ነው እንጂ፤ ከዱባይ ነው የመጣው።» ገዢዋ ካርቶኑን ታገላብጣለች፣ ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፣ እጇ ጀርባ ላይ ትንሽ ትቀባለች። ሽታው ደስ ካሰኛት የዋጋ ክርክር ይጀመራል። «ውስጡ ምን ምን አለበት?» የሚል ገዢ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ቢጠየቅም ሻጩ መልስ ያለው አይመስለኝም፤ ካርቶኑ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እሱም አንብቦት አያውቅም።

ኦሪጅናልነት ዕቃው ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ ይነግረን ይሆናል እንጂ ለእኔ ወይም ለእናንተ ቆዳ ይስማማ አይስማማ አይነግረንም። አስመስሎ የተሠራ ቅባት አደገኛ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ እሱን አላቃልልም። ነገር ግን ፓሪስ ውስጥ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ቀረጡ ተከፍሎ የገባ፣ ዋጋው ኪስ የሚያራግፍ ቅባትም ሽቶ ካለበት ሽቶ አለበት። ሽቶ የማይስማማው ፊት የሽቶውን አገር አይጠይቅም። ቆዳቸው ቶሎ የሚቆጣ ሰዎች በገበያችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፤ እነሱን የሚጠቅመው ጥያቄ አይጠየቅም፣ መልሱም አይቀርብም።

በየሰፈሩ ቡና ላይ የምንሰማው ወግ ነገሩን ያሳያል። አንዲት ወጣት የዓይኗ ቆብ አብጦ፣ ጉንጯ ሻክሮ ትመጣለች። «ምች ነው የኔ ልጅ» ይላሉ በዕድሜ የገፉት ጎረቤት፤ «ላብሽ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ወጥተሽ ይሆናል። ዳማከሴ አሽተሽ ተቀቢው።» «እትዬ፣ ትናንትም ተቀብቼ ነበር፤ ጭራሽ ባሰብኝ» ትላለች ልጅቱ። አንዷ ዓይን ነው ትላለች፤ ሌላዋ የውሃ ለውጥ፤ ሌላዋ የበላችውን እንቁላል ትጠረጥራለች። አቧራውም ይወቀሳል። በዚያ ሁሉ ክርክር መሀል በቅርቡ የተገዛውን ክሬም ስም የሚያነሳ አይገኝም። እንዲያውም ክሬሙ እንደ መፍትሔ ይቆጠርና ከወትሮው አብዝታ ትለቀለቅበታለች።

ዳማከሴን መንቀፌ አይደለም፤ ለተቆጣ ፊት ሌላ ነገር መጨመር በራሱ የሚያባብስ መሆኑን ማስታወስ ግን ያስፈልጋል። የከፋው ነገር፣ ምች የሚለው መልስ ምርመራውን እዚያው ላይ ይዘጋዋል። ምች ከተባለ በኋላ ጠርሙስ የሚመረምር የለም።

ጥርጣሬው ወደ ቅባቱ የማይዞርበት በቂ ምክንያትም አለ። ቆዳ በሁለት መንገድ ይቆጣል። አንደኛው ቀጥተኛ ማቃጠል ነው፤ በረኪና፣ ጠንካራ ሳሙና ወይም አሲድነት ያለው ቅባት የማንንም ቆዳ መጠኑ ከበዛ ይጎዳል፣ ቶሎም ይታወቃል። ሁለተኛው እውነተኛው አለርጂ ነው፤ እሱ ዘገምተኛ ነው። ሰውነት አንድን ንጥረ ነገር እንደ ጠላት የሚመዘግበው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያለ ችግር ሲቀባ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲያ ጥቂቱም ይበቃል። ስለዚህ «ይሄን እኮ ስንት ዓመት ተቀብቼዋለሁ፤ እሱ ሊሆን አይችልም» የሚለው መከራከሪያ ምንም አያስረዳም። ከዚህም በላይ ሽፍታው ብቅ የሚለው ከተቀቡት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው። ቅዳሜ ለሠርግ የተቀቡት ሜካፕ ሰኞ ጠዋት ሲያሳክክ፣ የሚወቀሰው እሑድ የተበላው ነው።

ሌላም ማታለያ አለ፤ ሽፍታው የወጣበት ቦታና ጥፋተኛው የተቀባበት ቦታ ላይገናኙ ይችላሉ። የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ የሳሳ በመሆኑ፣ የጥፍር ቀለም በተቀባ ጣት ዓይን ሲታሽ ጣቱ ምንም ሳይሆን ዓይኑ ያብጣል። ዛሬ በየውበት ሳሎኑ የሚሠራው የጄል ጥፍር አክሪሌት ከሚባሉ ኬሚካሎች የሚዘጋጅ ነው፤ በብርሃን ሳይደርቅ ቆዳ ከነካ በአለርጂ ከሚታወቁት አንዱ ነው። የፀጉር ቀለምም እንዲሁ፤ የራስ ቆዳው ደህና ሆኖ ጆሮ ግንድ፣ ግንባርና አንገት ይቆጣል። ሻምፑ ደግሞ ታጥቦ የሚሄድ ስለሚመስለን ማንም አይጠረጥረውም፤ ሲወርድ ግን በፊትና በአንገት በኩል ነው የሚወርደው።

ወንዶችም ከዚህ ወግ ውጪ አይደሉም። ፀጉር ቤት ገብቶ ፂሙን የተላጨ ሰው አዲስ በተፋቀ ቆዳው ላይ አልኮል ይፈስበታል፣ ከዚያ ሽቶ ይነፋበታል። ሲያቃጥለው ጥርሱን ነክሶ ይችላል፤ ማቃጠሉን ጀርም የመግደሉ ምልክት አድርጎ ነው የሚያየው። አንገቱ ላይ በየጊዜው የሚወጣበትን እብጠት ግን በምላጩ ያሳብባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። ስለ ቆዳ ቁጣ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ነጭ ቆዳን እያሰበ ስለሆነ «መቅላት»ን ዋና ምልክት ያደርጋል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የምናየው ማሳከክ፣ መሻከርና በመጨረሻ መጥቆር ነው። ቁጣው ሲበርድ ቦታው ጠቁሮ ለወራት ይቀራል። ባለቤቱ ይህን ጥቁረት ማድያት ብሎ ይጠራዋል፤ ማድያት ከሆነ ደግሞ ማጥፊያ ይፈለጋል። ማጥፊያው ይበልጥ ያስቆጣል፣ የተቆጣው ይበልጥ ይጠቁራል፣ የጠቆረው ይበልጥ ጠንካራ ማጥፊያ ያስገዛል። በዚህ አዙሪት መሀል ላይ «ቅልቅል» የሚባለው ነገር ተቀምጧል።

ቅልቅል ምን እንደሆነ የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በእጅ የተቀላቀለ የማንጫ ቅባት ነው፤ ስም፣ የአምራች አድራሻም ሆነ የተመረተበት ቀን በሌለው የፕላስቲክ ዕቃ ተሞልቶ ይሸጣል። ሻጯ «እኔ ራሴ ነኝ የማዘጋጀው» ትላለች፤ ሚስጥሩን አትናገርም። በብዙ አገሮች እንዲህ ያሉ ቅባቶች ሲመረመሩ በተደጋጋሚ የሚገኙባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኩዊኖንና ሜርኩሪ። ከሦስቱ ስቴሮይዱ በተለይ ቆዳው የሚቆጣን ሰው ያታልላል። ክሎቤታሶልን እንውሰድ። በ0.05 በመቶ ብቻ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ፣ ግን ከቆዳ ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ጠንካራ በሚባለው ምድብ ውስጥ ያለ መድኃኒት ነው። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው መመሪያ ፊት ላይ እንዳይቀባና ከሁለት ተከታታይ ሳምንት እንዳያልፍ ይናገራል። እኛ ዘንድ ግን ፊት ላይ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለዓመታት ይቀባል።

ለምን? በመጀመሪያ ተአምር ስለሚሠራ ነው። ስቴሮይድ ቁጣን ያበርዳል። የሚያሳክከው ይተዋል፣ የሻከረው ይለሰልሳል፣ ፊት ይፈካል። ስለዚህ ሻጯ «ለአለርጂ ቆዳ የሚስማማ ነው» ስትል ለጊዜው አልዋሸችም፤ ቅልቅሉ ውስጥ ያለው ሽቶ የሚያስነሳውን አለርጂ ሳይቀር ስቴሮይዱ አፍኖ ይይዘዋል። ከጊዜ በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ደቃቅ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ቡግር ይወጣል፣ ሴቶች ፊት ላይ ፀጉር ይበዛል። ያን ጊዜ ለማቆም ሲሞከር የታፈነው ሁሉ ይፈነዳል፤ ፊት ያቃጥላል፣ ያብጣል፣ ፀሐይ አይችልም። ተጠቃሚዋ ከዚህ የምትረዳው «ካላደረግሁት ፊቴ ይበላሻል፤ ፊቴ ለምዶታል» የሚለውን ነው። ወደ ቅልቅሉ ትመለሳለች። የዚህ ዓይነት ፊት ለማዳን ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ያውም በሐኪም ክትትል።

እዚህ ላይ ጥፋቱን በሙሉ በቅልቅል ነጋዴዎች ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ስቴሮይድ ያለባቸው ቱቦዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ሲሸጡ በዓይናችን የምናየው ነገር ነው። «ለፊት የሚሆን ጥሩ ቅባት ስጠኝ» ላለ ሰው ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ በአንድ ላይ የተቀላቀለበት ቱቦ የሚያቀብል ባለሙያ አለ። ሕመሙ ችፌ ይሁን ጭርት ሳይታወቅ ለሁሉም የሚሆን ነው ተብሎ የሚሰጥ ማለት ነው። ጭርት ላይ ስቴሮይድ ሲቀባ ማሳከኩ ጋብ ይልና ፈንገሱ ይስፋፋል። አንቲባዮቲኩ ኒዮማይሲን ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ የታወቀ የአለርጂ መነሻ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የሰጠውን ደግሞ ማን ይጠረጥራል?

ስለ ሜርኩሪ አንድ ምልክት ልጠቁምና ልለፍ። አንዳንድ የማንጫ ቅባቶች ካርቶን ላይ ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ የሚል ማስጠንቀቂያ ይገኛል። ጌጥን የሚያበላሽ ቅባት ለጉንጭ አይሆንም፤ ሜርኩሪ ኩላሊትንም ይጎዳል፣ ጡት የምታጠባ እናት ከተቀባችው ለሕፃኑም ይተርፋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ ክፍል በላይ ሜርኩሪ ያለበትን ኮስሞቲክስ ማምረትም ሆነ መነገድ ከ2020 በኋላ እንዲቆም አድርጓል። ሃይድሮኩዊኖንን በተመለከተም የአውሮፓ ኅብረት፣ ጋናና ሩዋንዳ ከቆዳ ማንጫ ቅባቶች አግደውታል። ደቡብ አፍሪካ ከሁሉም ቀድማ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው በሕግ የመጣችበት። እነዚያ አገሮች በአዋጅ ከመደርደሪያቸው ያወረዱት ዕቃ በሻንጣ ተጭኖ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስቸግርም።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያው ወደ ተፈጥሮ መመለስ ነው» ይላል። ይህም በራሱ ወጥመድ አለው። ሎሚ ፊት ላይ ጨምቆ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው በማግሥቱ ውሃ የቋጠረ፣ ከዚያም ጠቁሮ ለሳምንታት የሚቆይ ቃጠሎ ሊያገኘው ይችላል፤ የሎሚ ጭማቂ ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላልና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ መሆኗን አንርሳ፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ቆዳ ላይ ታስረው ሲያድሩ ያቃጥላሉ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ለብዙዎች ደህና ቢሆንም አለርጂ ያስነሳባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ተፈጥሯዊ የሚባሉት መዓዛማ ዘይቶች፣ ላቬንደሩም የሻይ ዛፍ ዘይቱም፣ ለአየር ተጋልጠው ሲቆዩ አለርጂ የማስነሳት አቅማቸው ይጨምራል። ቆዳ ኬሚካሉ ከተክል ይምጣ ከፋብሪካ አይለይም።

ሂና ለብቻው መነሳት አለበት። እውነተኛው ሂና የሚሰጠው ቀለም ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ቡናማ ነው፤ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በዒድና በሠርግ ሰሞን «ጥቁር ሂና» እየተባለ በአጭር ጊዜ እንደ ከሰል የሚጠቁረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፀጉር ቀለም የተጨመረበት ነው። በፀጉር ቀለሙ ውስጥ ያለው ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል ከአለርጂ አስነሺዎች ሁሉ ከሚፈሩት ወገን ነው። በአውሮፓ ኅብረት ለፀጉር ሲሆን ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ በቀጥታ ለቆዳ ግን አይፈቀድም። በልጅነቷ እጇ ላይ ጥቁር ሂና የተሣለላት ልጅ፣ ያኔ ትንሽ አሳክኳት ያለፈ ቢሆንም፣ ከዓመታት በኋላ ፀጉሯን ስትቀባ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ሊደፈን ይችላል። ባሕረ ሰላጤው አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ይህን ጥቁር ሂና በደንብ ያውቁታል። እነሱ በተለይ ጠንቀቅ ቢሉ እላለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በበረኪናና በወለል ማጽጃ ሲሠራ የኖረ እጅ መከላከያው የተሸረሸረ ነው፣ በተሸረሸረ ቆዳ በኩል ደግሞ ማንኛውም አለርጂ አስነሺ በቀላሉ ይገባል።

ታዲያ ካርቶኑን የሚያነብ ሰው ይድናል? በከፊል። ፊት ለፊት በትልልቁ የተጻፈውን ባታምኑ ጥሩ ነው። «ሃይፖአለርጄኒክ» የሚለውን ውሰዱ፤ አለርጂ የማስነሳት ዕድሉ ያነሰ ነው ለማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1975 እ.ኤ.አ. ይህን ቃል የሚጽፍ አምራች በምርመራ እንዲያረጋግጥ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሁለት የኮስሞቲክስ ኩባንያዎች ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1977 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በዚያች አገር ሕጋዊ ትርጉም የለውም፤ አምራቹ የፈለገውን ማለት ይችላል። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ቅባት ላይ ይህን ጽሑፍ አይታችሁ ብቻ አትተማመኑ። «ለሕፃናት» የሚለውም አያስተማምን፤ በገበያችን ያለው የሕፃን ቅባት ገና ክዳኑ ሲከፈት ቤቱን በሽቶ መዓዛ የሚሞላ ነው። «በቆዳ ሐኪም የተሞከረ» ሲባልም ሐኪሙ ምን አገኘ የሚለው አልተጻፈም።

የሚነበበው ከኋላ ያለው ነው። የንጥረ ነገሮቹ ስም ከብዙው ወደ ጥቂቱ ይደረደራል። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው እንኳ «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ቅርጻቸውን በዓይኑ ቢለምድ ትልቅ ነገር አተረፈ፤ በኮስሞቲክስ ውስጥ ከአለርጂ ምንጮች ሁሉ ግንባር ቀደሙ ሽቶ ነውና። አውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 26 የሽቶ ንጥረ ነገሮች በስማቸው እንዲጻፉ አስገድዷል፤ በ2023 ዝርዝሩ ከ80 በላይ እንዲሆን ወስኗል። «አንሴንትድ» የሚለው ደግሞ ያሳስታል፤ ሽታ የለውም ማለት ሽቶ የለበትም ማለት አይደለም፣ መጥፎውን ሽታ የሚሸፍን ሽቶ ሊኖርበት ይችላል። ከሽቶ ቀጥሎ የሚመጡት ቅባቱ እንዳይበላሽ የሚጨመሩት ማቆያዎች ናቸው። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለው ማቆያ ብዙ ሰው ስለጎዳ የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. የዓመቱ አለርጂ አስነሺ ብሎ ሰይሞታል፤ አውሮፓም በ2017 ታጥበው ከማይሄዱ ቅባቶች አስወጥቶታል። የሚገርመው ሁሉም የሚሸሸው ፓራቤን የተባለው ማቆያ በዚያው ማኅበር በ2019 «አለርጂ ያልሆነው» ተብሎ መሰየሙ ነው። «ከፓራቤን ነፃ» የሚል ጽሑፍ አይቶ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አንዳንዴ የሚገዛው በምትኩ የገባውን የባሰ ማቆያ ነው።

ለሚቆጣ ቆዳ የሚበጀው ምርጫ አሰልቺ ነው፤ ሻጭም የማይወደው ለዚህ ይመስለኛል። ሽቶ የሌለው ነጭ ቫዝሊን ለቆዳ እጅግ ገር ከመሆኑ የተነሳ ሐኪሞች የአለርጂ ምርመራ ሲያደርጉ የሚመረመሩትን ንጥረ ነገሮች የሚለውሱት በእሱ ነው። ዋጋው ከሌላው ሁሉ ይረክሳል። ለበጋው ደረቅ አየር ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ግሊሰሪን በውሃ ተቀጥኖ እርጥብ ቆዳ ላይ ሲቀባ ጥሩ ይሠራል፤ ሎሚና የጽጌረዳ ውሃ ባይጨመርበት። ፊትን በልብስ ሳሙና መታጠብ መቅረት አለበት፤ ተራ ሳሙና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ9 እስከ 10 ሲሆን ጤናማ ቆዳ ግን 5 አካባቢ ነው። የፀሐይ መከላከያ ለመግዛት አቅም ያለው፣ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበትን ቢመርጥ አለርጂው ይቀንስለታል፤ በጠይም ፊት ላይ አመድ የሚያስመስለው ነጭነት ካስቸገረ ቡናማ ቀለም የገባበት አለ፣ ለማድያትም የተሻለው እሱ ነው። አቅም የሌለው ባርኔጣና ጃንጥላ ይበቃዋል፤ እናቶቻችን በነጠላቸው ጥላ የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

አዲስ ነገር ሲገዛ ደግሞ በቀጥታ ፊት ላይ አይሁን። በክርን ውስጠኛው ቦታ ላይ ጠዋትና ማታ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀብቶ ማየት ነው። ሱቅ ውስጥ እጅ ጀርባ ላይ ቀብቶ «ምንም አላለኝም» ማለት ዘገምተኛውን አለርጂ አይዘውም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጀመር፤ ሙሽሮች ለሠርጋቸው ሳምንት ሲቀር አምስት ዓይነት ቅባት በአንድ ላይ ይጀምሩና የትኛው እንደጎዳቸው ሳያውቁ ይቀራሉ። የሜካፕ ባለሙያውን ብሩሽና ስፖንጅ ከሌላ ሙሽራ ጋር አለመጋራትም መብት ነው፤ ለመጠየቅ ማፈር አይገባም።

ሽፍታው ከተመላለሰ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ያልተነገረ እንቅፋት አለ። በአገራችን የቆዳ ሕክምና ከአባላዘር ሕክምና ጋር አንድ ሙያ ስለሆነ የክሊኒኩ ታፔላ «የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች» ይላል። የዓይን ቆቧ ያበጠባት ወጣት ሰው ያየኛል ብላ በበሩ ታልፋለች። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታልም፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ማሠልጠኛነት የተቋቋመና ዛሬ ለአገሪቱ የቆዳ ሕክምና ትልቅ ማዕከል የሆነ ቢሆንም፣ ስሙ ሲነሳ የሚሸሽ ሰው አለ። ይህ ሐፍረት ስንቱን ወደ ቅልቅል ሻጯ እንደመለሰ ማን ይቆጥረዋል። አለርጂን በትክክል የሚለየው ምርመራ ጀርመናዊው ሐኪም ጆሴፍ ያዳሶን በ1895 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው፤ የተጠረጠሩት ነገሮች ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ተነስተው ይታያሉ፣ ከቀናት በኋላም ደግመው ይታያሉ። ፓች ቴስት ይባላል፤ ሐኪማችሁን በስሙ ጠይቁት። ስትሄዱም ሳሙናውን፣ ሻምፑውን፣ የጥፍር ቀለሙን፣ ቅልቅሉንም ጭምር ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ እንዳይቆጣ ብሎ ቅልቅሉን ቤት መተው ምርመራውን ያሳስተዋል። ፊታችሁ ላይ ለወራት ጠንካራ ቅባት ስትቀቡ ከቆያችሁም በአንዴ ከመጣል በፊት ሐኪም አማክሩ።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኮስሞቲክስን ከምግብ፣ ከመድኃኒትና ከትምባሆ ጋር በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር አስቀምጧል። ስለዚህ የሕግ ድሀ አይደለንም። የጎደለው ሕጉ ከመደርደሪያው ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። ገዢው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ የይዘት ዝርዝር በካርቶኑ ላይ ቢለጠፍ፣ ቢያንስ ሽቶ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ቢጻፍ፣ ወጪው ለአስመጪው ከባድ አይሆንም። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችም ያለ ማዘዣ ለፊት የሚጠየቁትን የስቴሮይድ ቱቦ «አይሆንም» ለማለት አዲስ መመሪያ መጠበቅ የለባቸውም።

እናንተም የምትገዙትን ዕቃ ካርቶን አትጣሉ፤ ስምና ይዘት የሌለውን ዕቃ አትግዙ። ፊታችሁን የጎዳ ቅባት ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ለጎረቤት አውርታችሁ ብቻ አትተዉት፤ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ደውላችሁ የዕቃውን ስምና የገዛችሁበትን ቦታ አስመዝግቡ።